የቲቸር ዳልቻ ግማሽ ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ ጎብኚዎች በመኪና እየመጡ አንበሳ ማየት በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ የቆላ ጫካ ውስጥ «አራዊት ሁሉ እንግሊዝኛ ይማሩ» የሚል አዋጅ ወጣ። አዋጁን ያወጣው ጌታው አንበሳ ነበር። ፈረንጆቹ መኪናቸውን አቁመው ወደ እሱ እየጠቆሙ ሲያወሩ ይሰማል፤ ያወድሱት ይሁን ያሙት ግን አያውቅም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው።

«አስተርጓሚ ያስፈልገኛል» አለ። «ከእናንተ መካከል ቋንቋውን ጠንቅቆ ያወቀ በቀኜ ይቀመጣል፤ ከማዕዴም ይበላል።»

«ከማዕዴ ይበላል» የምትለዋ ቃል ጫካውን በአንድ ጀምበር ተማሪ አደረገችው። የጠፋው አስተማሪ ብቻ ነበር። ሲጠየቅ ሲጠየቅ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ዳልቻ የምትባል አንዲት አሮጊት አህያ እንዳለች ተሰማ። ዳልቻ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ውሃ ስታመላልስ ኖራለች። በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ የምትታሰረው ከስምንተኛ ክፍል መስኮት ሥር ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ልጆቹ ተምረው ተምረው ወጥተው ሄዱ፤ እሷ ግን እዚያው መስኮት ሥር ቀረች። ስምንተኛ ክፍልን አሥራ ሁለት ዓመት የደገመ ሌላ ፍጡር በአገሩ አልነበረም፤ አንድም ትምህርት አላመለጣትም።

ጌታው አንበሳ አስጠራት፤ በሁሉም ፊት ማለ። «ቲቸራችንን የበላ ከገደል ይወረወራል! ባላምባራስ ጎሽ ጠዋት ከወንዙ ይቀበላት፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይም እስከ ወንዙ ይሸኛት።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከጅቡ ላይ አላነሳም። ጅቡም ዓይኑን ከአህያዋ ላይ አላነሳም።

ትምህርቱ በትልቁ ሾላ ሥር ተጀመረ። ሰሌዳው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጠመኔው ከሰል ነው። የክፍል አለቃ ሆና የተመረጠችው እመት ቀበሮ ነበረች፤ ያቺ ቀይዋ፣ ጭራዋ ጫፉ ላይ የጠቆረው። የመረጠቻትም ራሷ ናት። እውነት ለመናገር ጭንቅላቷ ስል ነበር። አንድ ቀን የሰማችውን በማግስቱ ትደግመዋለች። አያ ጅቦ በበኩሉ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ለሃጩን ይውጣል። ቲቸር ዳልቻ ወደ ሰሌዳው በዞረች ቁጥር የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊደል ሲመለከት እሱ የሚመለከተው ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ሰኞ ቲቸር ዳልቻ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የዛሬው ትምህርት የአድራጊና የአስደራጊ ነገር ነው» አለች። «እኛ ‹በላ› እንላለን። ሌላውን ሲያጎርስ ‹አበላ› ይሆናል። ከጀርባ ሆኖ ሲያሠራ ደግሞ ‹አስ› የምትል ካባ አልብሰን ‹አስበላ› እንለዋለን። ሰውዬው አስገድዶ ይሁን ፈቅዶ፣ አዝዞ ይሁን አባብሎ ካባዋ ትሸፍነዋለች። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ካባ አያውቅም። ከግሱ ፊት አንድ አጭር ቃል ያቆማል፤ ያቺ ቃል ከጀርባ ያለው ማን እንደሆነና እንዴት እንዳሠራ አፍረጥርጣ ትናገራለች።»

«ቲቸር፣ የሚበላው ምንድን ነው?» አለ ጅቡ እጁን አውጥቶ።

«ምሳሌ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ምሳሌ ይበላል?»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ዳልቻ አልሳቀችም፤ የዘገየ ተማሪን መሳቂያ ማድረግ አትወድም ነበር። በከሰሉ አራት ቃላት ጻፈች።

«አንደኛዋ ‹ሜክ› ናት። ይህቺ ጉልበተኛ ናት። ጌታው አንበሳ ጅቡን ገላህን ታጠብ ብለው ወንዝ ቢከቱት ‹ዘ ላየን ሜድ ዘ ሃይና ዎሽ› እንላለን። ጅቡ አልፈለገም፤ ግን ታጠበ። ሁለተኛዋ ‹ሌት› ናት፤ መፍቀድ፣ አለመከልከል። ባላምባራስ ጎሽ ጀርባቸው ላይ ወፍ ስትቀመጥ ዝም ይላሉ አይደል? ‹ዘ በፋሎ ሌት ዘ በርድ ሲት› ማለት ነው። ባላምባራስ ምንም አልሠሩም፤ ዝም ማለታቸው ራሱ ሥራ ሆነ። ሦስተኛዋ ‹ሃቭ› ናት፤ ሥራው የሆነውን ማዘዝ። ጌታው አንበሳ ጎፈሬያቸውን በጦጣዋ አስበጥረው አምረው ሲወጡ ‹ሂ ሃድ ዘ መንኪ ኮምብ ሂዝ ሜን› ይባላል። አራተኛዋ…»

ቲቸር ዳልቻ ከሰሉን አስቀመጠች።

«አራተኛዋ ‹ጌት› ናት። ይህቺ ምላሰኛ ናት። አትገፋም፣ አታዝም፤ ታግባባለች። ሦስቱን ስትጠቀሙ ተከታዩን ግስ እርቃኑን አስቀምጡት፤ ከ‹ጌት› በኋላ ግን ‹ቱ› ጨምሩ። ለምን ብትሉኝ፣ ማግባባት ቶሎ አይደርስም፤ መንገድ ይፈልጋል። ያቺ ‹ቱ› መንገዱ ናት ብላችሁ ያዟት።»

እመት ቀበሮ ፈገግ አለች። «ይህቺን ወደድኳት» አለች ለራሷ።

በዚያው ዕለት አንድ የጎብኚዎች መኪና መጣና ከሾላው አጠገብ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ «ለአንበሳው ትንሽ ሥጋ ብንወረውርለት ይቆጣል?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ጌታው አንበሳ ወደ ቀበሮዋ ዞረ።

«ምን አለች?»

«‹እዚህ ያለችው ቀይ ቀበሮ እንዴት ታምራለች፣ ትንሽ ሥጋ ብንወረውርላት አንበሳው ይፈቅዳል?› ነው የምትለው፣ ጌታዬ።»

አንበሳው ግራ ቢገባውም ራሱን ነቀነቀ። ሥጋው ተወረወረ። ቀበሮዋ አየር ላይ ቀለበችው። ከኋላ ቆማ ሁሉን የሰማችው ቲቸር ዳልቻ ናት።

መኪናው ሲሄድ ጠራቻት። «እመት ቀበሮ፣ ቋንቋው ገብቶሻል። ግን የሰማሽውን ሳይሆን የሚጠቅምሽን ነው የምትተረጉሚው። ዓርብ የማጠቃለያ ፈተና አለ። ያን ቀን ለጌታው እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አስተርጓሚ መሆን አትችይም።»

«ልክ ነዎት፣ ቲቸር» አለች ቀበሮዋ አንገቷን ደፍታ። አንገቷን ስትደፋ ዓርብ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደቀረ እየቆጠረች ነበር።

ማክሰኞ የሙከራ ፈተና ተሰጠ። አያ ጅቦ ከአሥር ዜሮ አገኘ። ጌታው አንበሳ ውጤቱን ሲሰማ ተቆጣ። «ይህ ሆዳም የሚማረው በሆዱ ነው!» አለ። «ሁለት ቀን ምንም እንዳይቀምስ! አንዲት አጥንት ቢነካ ዋ!»

ቲቸር ዳልቻ «ጌታዬ፣ የተራበ ጭንቅላት አይማርም…» ማለት ጀምራ ነበር። የንጉሥ ጆሮ ግን ሲቆጣ ይዘጋል። እሷም አልደገመችም። ይህን በኋላ ስታስበው እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ይቆጫት ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ የገዛ መዳፉን ይልሳል። እመት ቀበሮ ከአጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ወይኔ አያ ጅቦ! አጥንትህ ወጥቶ የለም እንዴ?»

«አጥንት አትበይብኝ» አለ ጅቡ።

«እኔኮ የማዝነው ሞኝነትህን አይቼ ነው። አዋጁ ምን ነበር የሚለው? ‹ቲቸራችንን የበላ› አይደል? ብላ ያለህ ማን ነው? መቅመስና መብላት አንድ ነው እንዴ?»

ጅቡ ጆሮውን አቆመ።

«ለምሳሌ» አለች ቀበሮዋ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ «ያቺ አህያ ስንት ጆሮ አላት?»

«ሁለት።»

«ለመስማትስ ስንት ይበቃል?»

ጅቡ ረጅም ጊዜ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልነበረ ግንባሩን አላበው። «አንድ!» አለ በመጨረሻ። «ታዲያ አንዱ ትርፍ ነዋ!»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ቀበሮዋ ተነሥታ አቧራዋን እያራገፈች። «አንተ ነህ ያልከው። ብቻ እኔ እዚህ እንደነበርኩ ለማንም እንዳትነግር። እናቴ ትሙት በል።»

«እናቴ ትሙት።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ባላምባራስ ጎሽ ሄደች። ባላምባራስ ከሾላው አጠገብ ቆሞ የመሸኛውን ሰዓት ይጠብቃል። «ቲቸር ፈተና የምታርመው ስላለ ዛሬ ታመሻለች፤ ‹ባላምባራስን አይጠብቁኝ በያቸው› ብላለች» አለችው። ቲቸር ዳልቻ ከዚያ ሃያ እርምጃ ርቃ ሰሌዳ ትጠርጋለች። ባላምባራስ አንገቱን ቢያዞር ኖሮ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ቀኑ ሞቃት ነው፤ ጭቃው ደግሞ ከታች ቀዝቅዞ ይጠራዋል። አንገቱን ሳያዞር ሄደ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቲቸር ዳልቻ ሸኚዋን ፈለገች፤ አጣችው። «ቀድሞኝ ወንዙ ጋ ደርሶ ይሆናል» ብላ ብቻዋን መንገድ ጀመረች። ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አያ ጅቦ ከፊቷ ቆመ።

«ቲቸር፣ እንዳይቆጡ። ልበላዎት አይደለም። ልቀምስ ብቻ ነው። ትርፉን።»

አህያዋ ሁሉ ነገር ገባት። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለችው። ብላው አለችው እንጂ ቆማ አልጠበቀችም። ጅቡ ዘሎ የግራ ጆሮዋን ሲይዝ፣ ዞራ በሁለት የኋላ እግሯ ከመንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። አህያና አህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበር ይባላል፤ አህያ ጅብን ስትራገጥ ግን ሁለት ጥርስ ይረግፋል። የአህያዋም ግማሽ ጆሮ ከጅቡ አፍ ውስጥ ቀረ።

ቀበሮዋ ይህን ሁሉ ከጉብታ ላይ ሆና አየች፤ መጨረሻውን ሳትጠብቅ ወደ አንበሳው ሮጠች። «ጌታዬ! ጅቡ ቲቸራችንን በላ! በአዋጁ መሠረት አሁኑኑ ከገደል ይወርወር! ወሬ እንኳ እንዳያወራ!»

ጅቡ ተይዞ ቀረበ። ከከንፈሩ ላይ ግራጫ ጠጉር ተለጥፏል። ሊክድ አፉን ሲከፍት፣ መንጋጋው አብጦ ሊውጠው ያልቻለው ግማሽ ጆሮ ወደቀ።

«ወደ ገደሉ!» አለ አንበሳው።

በዚህ መሐል ቲቸር ዳልቻ በደም ተነክራ፣ ጆሮዋ ላይ ቅጠል አስራ እያነከሰች ደረሰች። ቀበሮዋ አየቻትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«ጌታዬ፣ አይወርወር» አለች አህያዋ። «የፈሰሰው የኔ ደም ነው። ደሙ የፈሰሰበት የመጠየቅ መብት አለው። አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ።»

አውጫጭኝ የቆየ የአገር ሥርዓት ነው። ጥፋት ሲደርስ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ከአንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ማንም ውሃ አይቀምስም። ንጉሥም ቢሆን።

«ለምኑ ነው አውጫጭኝ?» አለ አንበሳው ተገርሞ። «ጆሮሽ ከአፉ ወደቀ እኮ!»

«ጆሮዬን ማን እንደነከሰው ጆሮዬም ያውቃል። የማላውቀው ሌላ ነገር አለ።»

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ፣ ለፈተና መቀመጥ የነበረበት ክፍል ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ጅቡ መሐል ላይ ታስሯል። አራዊቱ በየተራ እየተነሡ ማሉ።

«እኔ የቲቸርን ጆሮ አልነከስኩም» አለች ጦጣዋ።

«እኔም አልነከስኩም» አለ ባላምባራስ ጎሽ።

እመት ቀበሮ ተነሣች፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። «ጥርሴ የቲቸራችንን ጆሮ ነክቶ ከሆነ አንድ በአንድ ይርገፍ!» አለች። ሁሉም ጥርሷን አየ። ሙሉ ነው፤ ነጭ ነው።

ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ ደረሰች። ሁሉም ምሏል፤ የዋሸም አልነበረም። አንበሳው አዛጋ። «ይኸው፣ ቲቸር። ነካሹ ጅብ ነው። ጨርሰናል።»

«አልጨረስንም» አለች ቲቸር ዳልቻ። «ማን ነከሰ ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ መለሳችሁ። እኔ የምጠይቀው ማን አስነከሰ ነው። ሰኞ ዕለት ያስተማርኳችሁ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማችኋል?»

ይህን ሲሰማ አያ ጅቦ ከእስሩ ዘለለ። «ሜክ! ሜክ ነው፣ ቲቸር! አስገድደውኝ ነው!»

«ማን ያዘህ?»

«ማንም።»

«አፍህን ማን ከፈተው? በዱላ ወይስ በእጅ?»

«ራሱ ነው የተከፈተው… እርቦኝ ነበራ።»

«እንግዲያው ንክሻው ‹ሜክ› አይደለም» አለች ቲቸር ዳልቻ። «ረሃቡ ግን ነው።»

ከዚያ ከሰሉን አንሥታ ‹ሜክ› ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ያስራበው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ወደዚያ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ሰዎች ‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን› ይላሉ» አለች ቲቸር ዳልቻ በመጨረሻ። «እኔ አህያ ነኝ፤ ዳውላ መደብደቡ አህያዋን እንደማያርማት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጌታዬ፣ ጅብን ሁለት ቀን አስርበው ከአህያ ጋር አንድ ክፍል ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት። እኔም ያን ቀን አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ። ይህ የኔ ድርሻ ነው፤ ሌላው የእርስዎ ነው።»

የአንበሳው ጭራ መሬቱን አንድ ጊዜ መታ፤ ሁለተኛ መታ። እመት ቀበሮ አሁን ይበላታል ብላ ጠበቀች። እኔም ብሆን የምጠብቀው ይህንኑ ነበር።

አንበሳው ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። የአህያዋን ግማሽ ጆሮ፣ ቅጠሉን፣ የደረቀውን ደም አየ።

«‹ሜክ› ነው ያልሽው፣ ቲቸር?»

«‹ሜድ›፣ ጌታዬ። ያለፈ ነገር ስለሆነ።»

«አይ ሜድ ሂም ስታርቭ» አለ አንበሳው በወፍራም ድምፁ። «እኔ ነኝ ያስራብኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ተቆጥቼ ነው።» ብሎ ተቀመጠ። ከተናገረ በኋላ ከዙፋኑ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ሳይወድቅበት መቅረቱ እሱን ራሱን አስገረመው።

ንጉሥ ከተናገረ ማን ይቀራል? ባላምባራስ ጎሽ አቀርቅሮ ወደ መሐል ወጣ። ግዙፍ አካሉ እንዲያ ሲያፍር ያየው አልነበረም።

«የኔ ‹ሌት› ናት» አለ። «አይ ሌት ኸር ጎ አሎን። ብቻዋን ስትሄድ ተውኳት። ታመሻለች ተባልኩ፤ ሃያ እርምጃ ሄጄ መጠየቅ ታከተኝ። ጭቃው ናፈቀኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቲቸር።»

«ታመሻለች ያለዎት ማን ነው?» አለች አህያዋ።

«እመት ቀበሮ ናታ።»

ሁሉም ፊቱን አዞረ።

«ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል» አለች ቀበሮዋ ፈጠን ብላ። «አውሬ አይሳሳትም እንዴ? ለመሆኑ ጆሮዋን የነከስኩት እኔ ነኝ? ጅቡን ጠይቁት!»

ጅቡ አቀረቀረ። «እኔ አልናገርም። እናቴ ትሙት ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያልከው?» አለ አንበሳው።

«ለ…» ብሎ አፉን በመዳፉ ያዘ። ዓይኑ ግን ሳያስበው ቀይዋ ላይ አረፈ። ጅብ አፉን መያዝ ቢችል እንኳ ዓይኑን አይችልም።

«አያ ጅቦን አልጠይቀውም» አለች ቲቸር ዳልቻ። «መሐላውን ይጠብቅ። የምጠይቀው አንቺን ነው፣ እመት ቀበሮ። ቋንቋውን ከሁሉም ይልቅ ታውቂዋለሽ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሆነውን ንገሪን።»

«ጆሮው ተነከሰ» አለች ቀበሮዋ።

«ማን አድርጎት?»

«ጅቡ ነከሰው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እርቦት።»

«ከአጠገቡ ማን ነበረ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? መንገደኛ አይጠፋም።»

እንዲህ እያለች ዓረፍተ ነገሩን በሁሉም ቤት አዞረችው፤ በራሷ ቤት ብቻ አላስገባችውም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ማንም ውሃ አልቀመሰም። የአጋዘኗ ግልገል አለቀሰች። የጦጣዋ ከንፈር ደረቀ። ንጉሡ ራሱ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ሥርዓት ነውና ግን አልተነሣም። ቀስ በቀስ ጉርምርምታው ተነሣ። ትናንት «ቀበሮ እንዴት ብልህ ናት» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ዛሬ እያንዳንዷ ዙሪያ ጥምጥም ቃሏ የስንት ጉንጭ ውሃ ዋጋ እንደሆነች ገባቸው።

«ሌላው ሁሉ የራሱን ተናግሯል» አለች ቲቸር ዳልቻ። «ንጉሡን ያልከበዳቸው አንቺን ለምን ከበደሽ?»

ቀበሮዋ ዙሪያዋን ተመለከተች። አንድም የሚያዝንላት ዓይን አላገኘችም። ድምፅዋ ተሰባብሮ ወጣ።

«አይ… አይ ጎት ሂም ቱ ባይት ኸር።»

«በአማርኛም ይሰማ» አለ አንበሳው።

«እኔ ነኝ አግባብቼ ያስነከስኳት። ለፈተና እንዳትደርስ ብዬ።»

ከጉባኤው አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሁሉም ሊነሣ ሲል አያ ጅቦ ታስሮ እንዳለ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔስ? ንጉሡ ‹ሜድ› ደረሳቸው፣ ባላምባራስ ‹ሌት›፣ እመት ቀበሮ ‹ጎት›። የኔ ቃል የቷ ናት? ለኔ አልተረፈችም?»

ቲቸር ዳልቻ ቀረበችው። ትናንት ጆሮዋን ከነከሳት አፍ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች።

«ላንተ ከፊት የሚቆም ቃል የለም፣ አያ ጅቦ። አስርበውሃል፣ አግባብተውሃል፣ መንገዱን ለቀውልሃል። ጥርሱ ግን ያንተ ነው። ያንተን ብቻህን ተናገራት።»

ጅቡ ረጅም ጊዜ አሰበ። ግንባሩን በድጋሚ አላበው።

«አይ… ቢት ኸር» አለ። «ነከስኳት። ሌላ ምንም የለኝም።» ብሎም አለቀሰ፤ የተመታው መንጋጋው አሞት ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

«አሥር ከአሥር» አለች ቲቸር ዳልቻ።

በክፍሉ ታሪክ እንዲህ ያለ ማርክ ያገኘ ተማሪ አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ውሃ ጠጣ፤ ፍርዱም ተነበበ። ቲቸር ዳልቻ ስለ ደሟ ካሳ ስትጠየቅ የጅቡን ሕይወት ጠየቀች፤ ተሰጣት። ጠዋትና ማታ ከፊት ከፊቷ እየሄደ መንገድ እንዲያሳያት ተደረገ። ከፊት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱ ከፊት ሲሄድ ዓይኗ ከሱ አይነቀልም። አንበሳው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጫካ ማንም በረሃብ አይቀጣም» ብሎ ሌላ አዋጅ አወጀ። አስተርጓሚነቱ ለባላምባራስ ጎሽ ተሰጠ፤ ጥቂት ይናገራል፣ ከራሱም አይጨምርም፤ አሁን ደግሞ ሳይጠይቅ ምንም አያምንም።

እመት ቀበሮ ከጫካው ወጥታ ሂጂ ተባለች። ሽቅብ ሽቅብ ወጥታ ከብርዱ ተራራ አናት ደረሰች። ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ ከደጋው ጫፍ ላይ ሆና አይጥ ስታሳድድ የምትውለው ለዚህ ነው ይባላል። የተማሩ ሰዎች ሌላ ምክንያት ያቀርቡ ይሆናል፤ እነሱ ግን በአውጫጭኙ ላይ አልነበሩም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋት በደረሰ ጊዜ የነከሰውን ጥርስ ብቻ ይዘን ወደ ገደል ከመሮጥ ይልቅ ያስራበውን፣ ያግባባውንና አይቶ ያለፈውንም እንድንጠይቅ፣ ከሁሉ በፊት ግን የየራሳችንን ድርሻ በየራሳችን አፍ እንድንናገር ነው።